ባለቤቴ አማርኛ የረሳበት ዓመት

ባለቤቴ የወደቀው ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ባለ ላንቴ ውስጥ፣ ሙዝ ማሳ መካከል ቆሞ ለገበሬዎች የመስኖ ቦይ አጠራረግ እያሳየ ሳለ ነው። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ነበርን፤ ወሩ ኅዳር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ራሱን ሲያመው ነበር የሰነበተው። ማጅራቴን ያዘኝ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ የፀሐይ ነው፣ ባርኔጣህን አድርግ እለዋለሁ። የደም ግፊት ኪኒኑን ካቆመ ወራት እንዳለፉት አላውቅም ነበር። ያቆመው ደህና ነኝ ብሎ ነው። ደህና ነኝ የሚል ሰው ኪኒን መዋጥ ይሰለቸዋል።

እኔ በዚያ ሰዓት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ አማርኛ እያስተማርኩ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ስወጣ ስልክ እንደተደወለና ባለቤቴን "ትንሽ እንዳመመው" ነገሩኝ። ሆስፒታል ስደርስ ገበሬዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። መኪና ሲያጡ ሙዝ የሚጭን አይሱዙ አስቁመው፣ የተጫነውን ግማሹን መንገድ ዳር አራግፈው፣ ከቀረው ሙዝ ጎን አስተኝተው ነው ያመጡት። ሸሚዙን የሙዝ ፈሳሽ ነክቶታል። ያ እድፍ እንደማይለቅ አውቃለሁና አልጋው አጠገብ ቆሜ የማስበው እሱን ነበር። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያስበው ነገር ያሳፍራል።

ያን ጊዜ ከተማችን ውስጥ የጭንቅላትን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። በማግሥቱ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ወሰድነው። ከሶዶ እስከ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ የማስታውሰው በትንፋሹ ነው፤ ሲያንኮራፋ እፈራለሁ፣ ሲያቆም ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። አዲስ አበባ ያየው ዶክተር ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አሳየኝ። በግራ በኩል የእንቁላል አስኳል የሚያህል ነጭ ነገር አለ። ደም ነው አለኝ። ቦታው ጥልቅ ስለሆነ ቀዶ ጥገና እንደማይሞክሩ፣ ደሙ ቀስ በቀስ ራሱ እንደሚመጠጥ፣ የእነሱ ሥራ ግፊቱን ማውረድ፣ የእኔ ሥራ መጠበቅ እንደሆነ አስረዳኝ። ይድናል ወይ አልኩት።

"የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ካለፈ ይኖራል" አለኝ። "እንዴት ሆኖ እንደሚኖር ግን ዛሬ ልነግርዎት አልችልም።"

ሳምንታቱን አለፈ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉ፤ አፉም ዝም አለ። አንደበቱ ከማይታጠፍ ሰው ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ አርባ ምንጭ የመጣሁት በምደባ ነው። እሱ ከጨንቻ በላይ ካለ የጋሞ ደጋ ተወልዶ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ የግብርና ባለሙያ ነው። የተዋወቅነው እኔ ባስተማርኩበት ቀበሌ የጎልማሶች ማንበቢያ ሲከፈት ነው፤ ንግግር አድርግ ተብሎ ተጠርቶ ሰዉን እንዴት እንዳሳቀው አልረሳም። ከእኔ ይልቅ ብዙ ተረት ያውቃል። የተማሪዎቼን ድርሰት ከእጄ ነጥቆ ያነባል፤ ለዚህ ልጅ አንድ ነጥብ ጨምሪለት እያለ ይከራከረኛል። ጋሞኛ የሚናገረው ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር በስልክ ሲያወራ፣ ወይም ገበያ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ብቻ ነው። እኔ ከሰላምታ፣ ከቁጥርና ከሽንኩርት ዋጋ ያለፈ ጋሞኛ አላውቅም። ያን ያህል ዓመት ሳልማር መኖሬ አንድም ቀን አሳስቦኝ አያውቅም።

በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ወዳለው ቤታችን ተመለስን። አዲስ አበባ ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሽባ የሆነውን ክንዱን ቀስ እያልኩ እንዳንቀሳቅስለት አሳይታኝ ነበር። ጠዋትና ማታ ብላኛለች። እኔ ጠዋት፣ ቀትር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስና ከመተኛታችን በፊት አደረግኩት። ቀስ ያለችውንም ረሳሁት። ብዙ ከሠራሁ ቶሎ ይድናል ብዬ ነው። ክንዱን ይዤ ወደ ላይ እስባለሁ፤ እሱ ፊቱን ያጨማድዳል፤ እኔ ጎበዝ፣ ትንሽ ቻለው እለዋለሁ።

ጥር ላይ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ነገር ግን የሚያወጣው ድምፅ ቃል አልመሰለኝም፤ የተጎተተ፣ የተሰባበረ ነገር ነው፤ አፉ አንድ ጎኑ ወርዷልና ምላሱ አይታዘዝለትም። ለዶክተሩ ስልክ ደውዬ ይለፈልፋል፣ ትርጉም የለውም አልኩት። አንዳንዴ እንዲህ ይጀምራል፣ አነጋግሩት አለኝ። እኔም አነጋገርኩት። ውሃ በል፣ ስሜን ጥራ፣ ይህ ምንድን ነው እያልኩ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ማንኪያና ብርጭቆ እያነሣሁ አስጠናሁት። እሱ ግን ያንኑ ልፍለፋ ደጋግሞ ያሰማኛል፤ ሳይገባኝ ሲቀር በደህና እጁ ፍራሹን ይደበድባል፤ ከዚያ ያለቅሳል።

እንዲህ አሥር ቀን ያህል ከሆነ በኋላ ታላቅ እህቱ ከደጋ ወረዱ። ከወደቀ ጀምሮ ሁለተኛ መምጣታቸው ነው። እትዬ ነው የምላቸው። አማርኛ ይችላሉ፤ ወንዱንና ሴቱን ግን አይለዩም፤ ሁሉንም አንተ ነው የሚሉት፤ እኔንም ጭምር። በበሩ ሲገቡ እኔ ክንዱን ይዤ እያንቀሳቀስኩ ነበር፤ እሱም ይለፈልፋል። እትዬ ያዘሉትን ሳያወርዱ ቆሙ። ከዚያ በጋሞኛ መለሱለት። እሱ አንገቱን አዞረ፤ አያቸው፤ ሌላ ነገር ተናገረ። እሳቸውም መለሱ። ሲነጋገሩ አየሁ። አፌን ከፍቼ ክንዱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"አንተ እጁን ልቀቅ" አሉኝ።

ምን እያለ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ትከሻዬን አትጎትቱ ነው የሚለው። ያመኛል ነው የሚለው።"

ባለቤቴ ለአሥር ቀን ሲለምነኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጎበዝ፣ ቻለው ስለው። ከቤት ወጥቼ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ እንኳን አልቻልኩም። በኋላ ሆስፒታል ስንወስደው ትከሻው ከቦታው ትንሽ ወርዶ ተገኘ። የሽባ ክንድ ተይዞ እንደማይጎተት ያን ዕለት በደንብ ተነገረኝ።

ዶክተሩ በስልክ ሲሰማ አልተገረመም። አፍ የፈታበት ቋንቋ ቀድሞ መመለሱ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ አማርኛው ሊከተል ይችላል፤ ላይከተልም ይችላል አለኝ። ብዙው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ተስፋ ሳትቆርጡ ቀጥሉ አለ። ተስፋ አትቁረጪ የሚባለው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ሲኖር ነው። እኔ የሰማሁት ወራቱ እየሮጡ መሆኑን ብቻ ነው።

እትዬ ከእኛ ጋር ሰነበቱ። ያለ እሳቸው መኖር አይቻለንም ነበር፤ ከእሳቸው ጋር መኖርም ከበደኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ ውጭ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ። እሱ ይናገራል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ አልፎ አልፎ ሳቅ አለ። ስገባ ዝም ይላሉ። ሊያስከፉኝ አልነበረም፤ ለእኔ ቦታ ሊለቁልኝ ነው። ግን ቦታው ባዶ ነው። እኔ ቀስ ብዬ ስናገር ይገባዋል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ሊመልስልኝ ሲል የሚወጣው ጋሞኛ ነው፤ እንዳልገባኝ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል። የደብተር ገጽ ለሁለት ከፍዬ በአንዱ አማርኛውን፣ በሌላው እትዬ የሚነግሩኝን እጽፋለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትናንት የያዝኩት ቃል ዛሬ የለም። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ደንቆሮ እንዳልኳቸው ትዝ ይለኝ ጀመር።

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት መጡ። ጸሎት አድርሰው አባታችን ሆይ ሲሉ ባለቤቴ አብሯቸው ጀመረ። በአማርኛ ነው። "በሰማያት የምትኖር" አለ፤ ቀጠለ፤ አንድ ቃል ሳይዘል፣ ሳይሰበር፣ በዱሮ ድምፁ እስከ መጨረሻው ደረሰ። እኔ ተንበረከክሁ። ተአምር ነው አልኩ። ቄሱም አለቀሱ። እንደጨረሰ እጁን ይዤ ስሜን ጥራ አልኩት። አፉን ከፈተ። ምንም የለም። ውሃ በል አልኩት። ምንም የለም። በድጋሚ ጸልይ አልኩት፤ ጸለየ። በልጅነት ተይዞ በደም ሥር የገባ ነገር ሳይታሰብበት እንደሚወጣ፣ ከንግግር እንደማይቆጠር ሐኪሞች በኋላ ነገሩኝ። ያን ዕለት ግን አምስት ጊዜ ይሁን ስድስት ጊዜ አስጸለይኩት። እትዬ መጥተው ትከሻዬን እስኪነኩኝ አላቆምኩም። እግዚአብሔርን ማነጋገሪያ አማርኛ ቀርቶለት እኔን ማነጋገሪያ አጣ። ቀናሁ። በእግዚአብሔር ቀናሁ።

ልጃችን በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች። አንድ ናት። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። አባዬ ስትለው ፊቱ ይበራል፤ ያወራታል፤ ረጅም ነገር ያወራታል። እሷ ምን እንደምትመልስ አታውቅም፤ እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ ትላለች። አንድ ቀን ስልኩን ስቀበል እያለቀሰች ነበር።

"እማዬ፣ ለምንድን ነው እኔ የማልችለው?" አለችኝ።

ደህና ሁኚ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሱን ግን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት በፊት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በጋሞኛ ያጫውታት ነበር። እኔ ነኝ ልጅቷን አታደናግርብኝ፣ አማርኛዋ ይበላሻል ያልኩት። የአማርኛ መምህርት ነኛ። አልተከራከረኝም፤ በሁሉም የሚከራከረኝ ሰው በዚያች አልተከራከረኝም። ሳቅ ብሎ ተወው። ያን ሳቅ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሚያዝያ ላይ አንድ ነገር መደጋገም ጀመረ። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ስናስቀምጠው ወደ ተራራው ዞሮ፣ በመካከሉ "ሶ" የሚል ድምፅ ያላት አጭር ነገር ይላል። እትዬን ምንድን ነው ስላቸው ዝም ብሎ ነው፣ ተወው ይሉኛል። ተደብቆብኝ የቀረ ነገር እንዳለ ገባኝ። ቃሎቹን እንደሰማሁ ወረቀት ላይ ጻፍኩና በማግሥቱ መምህራን ክፍል ውስጥ የአገሩ ተወላጅ ለሆነ የባዮሎጂ መምህር አሳየሁት። አነበበ፤ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

"ወደ ቤት ውሰዱኝ ማለት ነው፣ መምህርት።"

ቤቱ እኮ ነው ያለው አልኩት።

ቀጣይ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። አልገባሁም። በእግሬ ከግቢው ወጥቼ የሴቻው ገደል አፋፍ ድረስ ሄድኩና አባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ተኝቶ እያየሁ ቆምኩ። ላንቴ ማሳ ውስጥ ሞቶ ቢሆን ኖሮ አልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ነው የምጽፈው። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ባሌ እንደሆነ ይሞት ነበር፤ አለቅሰዋለሁ፤ አርባውን አወጣለሁ፤ ሰው ያጽናናኛል። አሁን ግን በሕይወት ያለ ሰው ከእጄ ወጣ፤ እንዴት ይለቀሳል? ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እግሬን ሲያመኝ ነው የተመለስኩት።

ቤት ስገባ እትዬን ለምን ደበቁብኝ አልኳቸው። አንተ እንዳታዝን ነው አሉኝ። ከዚያ ደፈር ብለው ወደ ደጋ ልውሰደው አሉ። እኔ ብርዱን አነሣሁ፤ ሐኪም አለመኖሩን አነሣሁ፤ መንገዱን አነሣሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ምክንያቴ አልነበረም። በመጨረሻ ባሌን ቀሙኝ አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ያየናል።

እትዬ ወደ አልጋው ሄደው ብርድ ልብሱን አስተካከሉለት።

"እኔ አልቀማሁም" አሉ። "ደም ነው የቀማ። እኔ እኮ ወንድሜን ነው የማስታምመው።"

ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲሳሳቱ የማርማቸው፣ አንተ ሲሉኝ ውስጤ የሚቆጣባቸው ሴትዮ ናቸው እንግዲህ ባለቤቴን በሚገባው ቋንቋ የሚያጥቡት፣ የሚያጎርሱት። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። እሺ፣ ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ እንውሰደው አልኩ።

ሐምሌ ላይ በተከራየነው መኪና ወደ ጨንቻ ወጣን። ጭጋግ ነበር፤ መንገዱ ያንሸራትታል። ከመኪናው ስናወርደው የእንሰቱን ተክል፣ የቀርከሃውን ቤት፣ አጥሩን እያየ በደህና እጁ አንድ በአንድ እያመለከተ ስም ይጠራል። ስም የጠፋበት ሰው! ሴቻ ቤታችን ውስጥ አንድ ማንኪያ መጥራት አቅቶት ያለቀሰ ሰው፣ እዚያ የዛፉን ስም፣ የላሚቱን ስም፣ የጎረቤቱን ስም ይጠራል። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያወራዋል፤ ቀስ ብሎ ሲመልስ ይጠብቁታል፤ ማንም አያስጠናውም። እኔ ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንቤ የማይገባኝን ስሰማ ዋልኩ። እያንዳንዱ ሰው በየተራ ሳሮ እያለ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ሳሮ እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ያልቃል። እሱ ሴቻ ውስጥ ስንት ወር እንዲህ እንደተቀመጠ ያኔ ገባኝ።

ሁለት ወር አብሬው ቆየሁ። በዱላ መቆም፣ ከዚያም ከቤት እስከ አጥሩ መሄድ ጀመረ። መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተና ጥዬው ወረድኩ። ግፊቱን የምትለካለት የጤና ኬላ ሠራተኛ አግኝቼ፣ ኪኒኑን ለእትዬ በጠዋትና በማታ ከፍዬ በፌስታል ቋጠርኩላቸው። ባዶ ቤት ስገባ አንድ ሰው እንኳን ሳላነጋግር ሦስት ቀን ያሳለፍኩበት ጊዜ ነበር፤ ከክፍል ሌላ ማለቴ ነው። ክፍል ውስጥ ግን አማርኛ አስተምራለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣ ነበር። የመስቀል ሰሞን ስወጣ፣ ብርድ ነውና ካልሲ ላደርግለት ተንበረከክሁ። ደህናውን እግሩን ነው የያዝኩት፤ ራሱ ማድረግ ይችላል።

"ተይ" አለኝ።

በአማርኛ ነው። ለሴት ነው። ካልሲውን ጥዬ ቀና አልኩ። እሱም ደነገጠ፤ አፉ የተናገረውን አልጠበቀም። ደግመው አልኩት፤ አልደገመውም። ወደ ዓመት ሊጠጋ ነው የጠበቅኩት፤ የመጣልኝም ተይ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ እሺ መጣ፤ ነገ መጣ፤ ደህና ነኝ መጣ። ከብዙ ወራት በኋላ ስሜ መጣ፤ አንዳንዴ የልጃችንን ስም ለእኔ፣ የእኔን ለእሷ ያደርገዋል። ልጃችን ተመርቃ ስትመጣ ከእሱ ጋር መዋል፣ ከአክስቷ ጋሞኛ መማር ጀመረች፤ ከእኔ ፈጥና ያዘችው።

አሁን ይህን ስጽፍ አምስት ዓመት አልፎናል። እትዬ ካረፉ በኋላ ወደ ሴቻ ተመልሷል። ቀኝ እጁ አልተመለሰም። ይራመዳል፤ ግፊቱ በኪኒን ተይዟል፤ ዶክተሩ ካያቸው ሕመምተኞች መካከል ከእሱ የባሱ ብዙ እንዳሉ ነግሮኛል። አውቃለሁ። አማርኛው ግን የትንሽ ልጅ ያህል ነው፤ ከዚያ አላለፈም። ስለ አንድ ድርሰት ሰዓት ሙሉ የሚከራከረኝ ሰው አልተመለሰም፤ አይመለስም። እኔም በጋሞኛ የምችለው በልቷል፣ ጠጥቷል፣ አሞታል፣ ይበርደዋል የሚለውን ነው። ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም በየራሳችን የምናስበውን ግማሹን እንኳን ለሌላው መስጠት አንችልም።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በመስኮቱ በኩል ነበር። ዞሮ አየኝና በጋሞኛ ደከመሽ ወይ አለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ገባኝ። ትንሽ ብቻ ነው፣ ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ዋልክ ልለው ፈለግኩ። ያን ሁሉ በእሱ ቋንቋ ማለት አልችልም፤ በእኔም ብነግረው ሁሉንም አይከተለኝም። አዎ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በደህና እጁ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።